የሉህ ቀለም

ወሎ ሰፈር
ዓርብ፣ ጥቅምት 1 ቀን 1989 ዓ.ም

ለእህቴ ልጅ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህ ሰላምታ ለአንቺም፣ ለእናትሽም፣ ባለፈው ስመጣ የሸሚዜን እጅጌ ለበላችው ፍየላችሁም ነው፤ ተካፈሉት። እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። ወገቤ እንደ ድሮው ነው። ሥራዬም እንደ ድሮው ነው፤ ሰዉ ማስታወቂያ ያሠራኝና ሰሌዳው ከተሰቀለ በኋላ ፊደሉ ወፈረ፣ ቀጠነ ይለኛል። አንቺ ደህና መሆንሽን ከእናትሽ ስለሰማሁ አልጠይቅሽም። ደግሞም ተቆጥቻለሁ፤ የተቆጣ ሰው ጤና አይጠይቅም።

የተቆጣሁት በወረቀትሽ ነው። የላክሽልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ያሳፍራል። ከሒሳብ ደብተር መሐል የተገነጠለ ባለ ካሬ ወረቀት፣ የሽቦው ቀዳዳ እንኳ ሳይቆረጥ! በሚተፋ ሰማያዊ እስክሪብቶ! ደግሞ ስምንት ቦታ አጥፈሽዋል። ልጄ፣ ደብዳቤ ነው ወይስ የራስ ምታት መድኃኒት ነው የጠቀለልሽው? ወረቀት ሁለት ጊዜ ይታጠፋል፤ ከዚያ በላይ ማጠፍ ወረቀቱን መናቅ ነው። ይህን ያላስተማርኩሽ ይመስል! ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ፊደሉ በውሃ ፈስሷል። ሻይ ነው ብዬ ላልፈው ነበር። በምላሴ ጫፍ ስነካው ግን ስኳር የለውም፤ ጨው ጨው ይላል። ጎሮ ሻይ በጨው ትጠጡ እንደሆነ አላውቅም።

እሺ። የተቆጣሁት በወረቀቱ አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ ባለው ነው።

«አጎቴ፣ የስድስት ወር ሥራችንን ስላበላሸሁብህ አላህ ብለህ ይቅር በለኝ። ቀለሙን ማቅጠን አልነበረብኝም። እጄ ለሥዕል እንዳልተፈጠረ አሁን ገብቶኛል» ትያለሽ።

አራት ጊዜ አነበብኩት። በአራተኛው የሻይ ብርጭቆ አንስቼ ግድግዳው ላይ ወረወርኩ። ብርጭቆው ከሱቄ ጎን ጎማ የሚጠግነው የኦላና ነበር፤ ስለዚህ አሁን እሱም ተቆጥቷል። ማነው አንቺን እንዲህ ያለ ይቅርታ ያስተማረሽ? ከኛ ቤት ማን ያውቃል? እናትሽ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ይቅርታ ጠይቃ አታውቅም፤ እኔ ደግሞ እንኳን ልጠይቅ፣ ቃሉን የምጽፈው አሁን ነው።

እናትሽንም ተናድጄባታለሁ። ሁለት ጊዜ ጎሮ መጣሁ። ታክሲው ከሚያወርድበት ጀምሮ ያለውን ጭቃ ታውቂዋለሽ፤ ያንን ሁሉ አልፌ ስደርስ ሁለቱንም ጊዜ ጓዳ ገባሽ። እናትሽ በሩ ላይ ቆማ፣ «ታይፕ ትምህርት ቤት አስመዝግቤያታለሁ። ሳምንት ሳይሞላት ሳታይ መምታት ጀምራለች» አለችኝ። ከዚያ እጄን አየችና፣ «ልጄ ከቀለም ተገላገለች። አሁን ጣቶቿ የሰው ጣት መሰሉ፤ አንተም ዕድሜህ ሳያልፍ ተገላገል» አለችኝ። የገዛ እህቴ ሰኪና! በልጅነቷ ጫማዋን በጥላሸት እየቀባሁላት አዲስ ነው እያለች የዞረችው!

እኔስ ምን አልኳት? ስለ ፍየሏ ቀልጄ ተመለስኩ። ይህም ያናድደኛል።

አሁን የሆነውን ሁሉ፣ እንደሆነ እነግርሻለሁ። አታቋርጪኝ።

መጋቢት ላይ ፒያሳ አብረን ስንሄድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ መስኮት ጋ ቆምሽ። ትንሽ ባለ አራት ማዕዘን ጠርሙስ ነበረች፤ የቻይና ቀለም። «አጎቴ፣ ለብዕር የሚሆነው ይሄ ነው። ሲደርቅ ውሃ አይነካውም ይላሉ» አልሽኝ። ልክ ነበርሽ። እኔ ግን ሳቅኩብሽ። «ከመቼ ወዲህ ነው ጥላሸት ከቻይና የሚመጣው? ወሎ ላይ ድስት ጠፋ?» አልኩሽ። አላፊ አግዳሚው እስኪዞር ሳቅኩ። አንቺም እየቀፈፈሽ ሳቅሽ፤ ክንዴን ይዘሽ ከመስኮቱ አራቅሽኝ።

ከዚያ ቤት ገብቼ ሠራሁልሽ። ከድስቶች ቂጥ ጥላሸት ፋቅሁ፣ በጨርቅ ነፋሁት፣ የግራር ሙጫ በሙቅ ውሃ አሟምቼ ለወስኩት። ልጅ ሆኜ ወረባቦ ሸኻችን ዘንድ ቁርኣን ስቀራ እንደተማርኩት ነው። አንቺ በደብተር ስለቀራሽ አታውቂውም እንጂ እኛ የምንጽፈው ሉህ ላይ ነበር፤ እንደ መስተዋት የተላገ ሰሌዳ ነው። አብረውኝ ከሚማሩት ደረሳዎች ሁሉ የኔን ያህል የሚጠቁር ቀለም የሚሠራ አልነበረም። ሸኻችን ራሳቸው ከኔ ጠርሙስ ይነክሩ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ ኮርቻለሁ። በማር ብርሌ ሞልቼ ሰጠሁሽ፤ «ይኸውልሽ፣ ቻይናን አሳፈርናት» አልኩሽ።

አንቺም የሥዕል ታሪክሽን ሳልሽበት። ስድስት ወር።

ስለ ሥዕልሽ እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ፤ እየተናደድኩ ስለሆነ ውሸት አይወጣኝም። ያቺ ፀጉሯን በኮፍያ ደብቃ፣ ወንድ ነኝ ብላ ከቦሌ ፒያሳ ወያላ የሆነችው የታሪክሽ ልጅ ሕይወት አላት። ሾፌሩን የኔን ቦርጭ መስጠትሽን ይቅር ብዬሻለሁ። ሰባተኛው ገጽ ላይ ታክሲው በር ላይ ተንጠልጥላ ስትሄድ፣ ንፋሱን በሦስት መስመር ብቻ ሳልሽው። ሦስት መስመር! ኮፍያዋ ሊወድቅ ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ሃያ ዓመት በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ስንት ሆቴል፣ ስንት ጋራዥ፣ ስንት ቁርስ ቤት ጽፌያለሁ፤ ንፋስ ስዬ አላውቅም። ንፋስ እንደሚሣልም አላውቅም ነበር።

ሽፋኑንም አይቻለሁ። ከታች «ደራሲና ሠዓሊ» ብለሽ ስምሽን ጻፍሽ። አምሮበታል። ቀለም የሚቀባው እኔ ብሆንም ስሜ አልነበረም፤ ቦታ ጠቦሽ ይሆናል። እኔ ለዚህ ደንታ የለኝም። ከጻፍኩት ሰሌዳ በታች ስሜን የጻፈልኝ ማንም የለም፤ ለምጄዋለሁ።

አብዱልናስር ቦሌ ሚካኤል ያለችውን ትንሽ ማተሚያ ቤቱን ትቶ መጥቶ ገጾቹን ሲያይ፣ ሰውየው የማይስቅ ሰው ነው፣ ሳቀ። «ቀለም ገብቶባቸው ከረመዷን በፊት ካመጣችሁልኝ አትመዋለሁ። እንዲህ ያለ የሥዕል ታሪክ ሰው ታክሲ ውስጥ ያነበዋል» አለ። አንቺ ልትዘይ ደረስሽ። እኔ «አንቺ መስመሩን፣ እኔ ቀለሙን ተባብለናል፤ ቀለም የኔ ሥራ ነው» አልኩ።

በመስቀል ማግስት ቅዳሜ ጀመርኩ።

አንቺ ብትሆኚ ገጽ አንድን ቀብተሽ፣ ደርቆ አይተሽ፣ ወደ ገጽ ሁለት ትሄጂ ነበር። እኔ የማስታወቂያ ሰው ነኝ። አሥር ሰሌዳ ሲታዘዝ አሥሩንም ደርድሬ መጀመሪያ ሁሉንም ነጭ፣ ከዚያ ሁሉንም ቢጫ፣ ከዚያ ሁሉንም ቀይ እላለሁ፤ ብሩሽ ማጠብ ይቀንሳል። ያንቺንም ሃያ አራት ገጽ እንደዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ ወንበሮቹ ላይ፣ ወለሉ ላይ ዘረጋሁ። የውሃ ቀለም እንዳይዥጎረጎር መጀመሪያ ወረቀቱ ይርጠብ ብዬ ሰፊውን ብሩሽ ንጹሕ ውሃ ነክሬ ከሽፋኑ ጀመርኩ። አንዱን አርጥቤ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው፤ ወደ ኋላ ሳላይ።

አራተኛው ላይ ስደርስ ኦላና ጎማ አቅፎ በር ላይ ቆመ። «እንድሪስ፣ ልብስ ነው እንዴ የምታጥበው? ኧረ ጥቁሩ እየሄደ ነው!» አለኝ።

«አንተ ጎማህን ንፋ» አልኩት።

«ኧረ በናትህ ዞር ብለህ እይ!»

ዞር ብዬ አየሁ። ሽፋኑ ላይ መጀመሪያ የሄደው ስምሽ ነበር። ፊደሉ እየቀለጠ ወደ ታች ይወርዳል።

ማቆም እችል ነበር። ሃያ ገጽ ደረቅ ነበር። አላቆምኩም።

ለምን ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። እዚህ ላይ ሦስት መስመር ጽፌ ሰርዣለሁ፤ ታዪዋለሽ። ብርሃን ላይ አንስተሽ ለማንበብ አትድከሚ፤ የሰረዝኩት በእውነተኛው፣ በቻይናው ቀለም ነው፣ አያሳልፍም። የመጀመሪያው መስመር «ሲደርቅ ይመለሳል ብዬ ነው» ይል ነበር። ሌሎቹ ሁለቱ እውነት ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ መጣሽ። ሁሉንም ገመድ ላይ ሰቅያቸው ነበር፤ እንደ እስር ቤት ልብስ ግራጫ ሆነው ጥቁር ውሃ ወለሉ ላይ ያንጠባጥባሉ። አንድ በአንድ እያየሽ ከዳር እስከ ዳር ሄድሽ። ብትጮሂብኝ ኖሮ! ብሩሹን አንስተሽ በራሴ ላይ ብትሰብሪው ኖሮ! አንቺ ጎንበስ ብለሽ ወለሉን በጨርቅ መጥረግ ጀመርሽ። እኔ ቀድሜ ተናገርኩ። «ቀለሙ ላይ ውሃ ጨምረሽበታል አይደል?» አልኩሽ።

አንቺ ደግሞ ውሸት አታውቂ፣ «ሐምሌ ላይ ወፍሮ ሲያስቸግረኝ ጥቂት ጠብታ» አልሽ።

«በቃ፤ ይኸው» አልኩ።

ሁለት ቃል ናቸው። ኦላና ውጭ ሆኖ ሰምቷል። አንቺ ከሄድሽ በኋላ መጥቶ፣ «አንተ ግን ሰው ነህ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የሚያናግረኝ ስለ ብርጭቆው ብቻ ነው።

እና አሁን ልጮህ ነው፤ ስሚኝ። ጥቂት ጠብታ ምንም አያደርግም! ቀለም ሲወፍር ሁሉም ሰው ውሃ ጠብ ያደርግበታል፤ እኔ አደርጋለሁ፣ ሸኻችንም ያደርጉ ነበር! አንድም ጠብታ ባትጨምሪበት ኖሮ ያው ነበር የሚሆነው! እኔ ሁለት ቃል ብናገር ስድስት ወር ሙሉ ያልተንቀጠቀጠ እጅ «ለዚህ አልተፈጠርኩም» አለ፤ አንቺም አመንሽ! ለምን አመንሽኝ? ብርሌውን አንስተሽ፣ ወረቀት ላይ ጭረሽ፣ ውሃ አፍስሰሽበት፣ «አጎቴ፣ ይሄ ቀለም ራሱ ቆሻሻ ነው» ለማለት አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ያስተማርኩሽ እኮ ነው፣ ማንም የሰጠሽን ዕቃ ሳትፈትኚ አትመኚ ብዬ። ማንም ሲባል እኔም አለሁበት!

እውነቱን ያወቅኩት ሰኞ ዕለት ነው። ብርሌውን ይዤ ቦሌ ሚካኤል መሪጌታ ቢተው ዘንድ ሄድኩ። የደጃቸውን ሰሌዳ የጻፍኩላቸው ናቸው፤ እስከ ዛሬ ብራና ፍቀው፣ በመቃ ብዕር መጽሐፍ ይገለብጣሉ። ቀለሙን በጣታቸው ነክተው መዳፋቸው ላይ አሹት፣ እስኪደርቅ ጠበቁ፣ ከማሰሮ ውሃ አፈሰሱበት። መዳፋቸው ንጹሕ ሆነ።

«ማን አስተማረህ?» አሉኝ።

«ሸኻችን» አልኩ።

«ለምን ነበር የሚሠሩት?»

«ለሉህ።»

«ሉሁ ሲሞላስ?»

«ስንጨርስ እናጥበውና እንደገና...» ብዬ ብርሌውን አየሁ።

መሪጌታ ቶሎ አይስቁም፤ ያን ቀንም አልሳቁም። «ሸኽህ አዋቂ ነበሩ። የሚታጠብ ቀለም ፈለጉ፣ የሚታጠብ ቀለም ሠሩ። ጅሉ አንተ ነህ» አሉኝ። የሳቸውን ቀለም እንዲሰጡኝ ብለምናቸው ደግሞ ተቆጡ። «እኔ ብራና ላይ እጽፋለሁ እንጂ ብራና አላጥብም። ውሃ የምታፈሱበት ከሆነ ለውሃ የተሠራውን ለምን አትገዙም?»

ስንት ሉህ እንዳጠብኩ ታውቂያለሽ? በየቀኑ፣ ለስድስት ዓመት! አንዴ ፈሰስ ሲያደርጉበት እንዴት ጥርት ብሎ እንደሚወርድ እየኮራሁ! ያንኑ የሚታጠብ ቀለም ለአንቺ መጽሐፍ ሰጠሁ። ይህን ሊሠራ የሚችል ከወሎ ሰዎች አንድ እኔ ብቻ ነኝ። በገዛ አንገቴ ላይ ቁጣ ቢፈቀድ ኖሮ ያን ቀን ቦሌ ሚካኤል አጥር ሥር በገዛ እጄ አንቀው ነበር።

ከዚያ ፒያሳ ወጣሁ። መደብሩ ያው ነው፤ ባለሱቁም ያው ግንባሩን የሚቋጥረው ሰው ነው። «የቻይና ቀለም ስጠኝ፤ መጀመሪያ ግን ልፈትነው» አልኩት። «ኦሪጅናል ነው» አለኝ። «እኔም ኦሪጅናል አጎት ነኝ፤ ያደረግኩትን ብትሰማ ግን አትገዛኝም። ጠብታ አውጣልኝ» አልኩት። እምቢ አለ። ገዛሁና እዚያው ባንኮኒው ላይ በክብሪት እንጨት መስመር ጫርኩ፤ ቆሜ ጠበቅኩ፣ ሰልፍ ዘጋሁ፣ ሰው አጉረመረመ። ሲደርቅ አውራ ጣቴን በምራቄ አርሼ ፈተግኩት። ባለሱቁ፣ «ሰውዬ፣ ባንኮኒዬን!» ብሎ ጮኸ። መስመሩ ግን ንቅንቅ አላለም። እስከ ዛሬም አልለቀቀለትም፤ ባለፈው ሄጄ አይቻለሁ፣ ከአበባ ማስቀመጫ ሥር ደብቆታል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ስትገዢ ይህን ደብዳቤ ይዘሽ ሂጂ።

ለብዕር መሙያ የሚሸጠውን ሰማያዊና ጥቁር ቀለም አትንኪው፤ እሱም የሉህ ቀለም ዘመድ ነው፣ ውሃ ሲያይ ይሮጣል። የምትገዢው ከላይ እንዳልኩሽ በምራቅ የተፈተነውን ነው። ባለሱቁ ቢጮህ ይጩህ። ማታ ጭረሽ ጠዋት ብትፈትኚው ደግሞ ይበልጥ ታምኚዋለሽ። የብዕሩን የብረት ጫፍ አዲሱን ስታወጪ ዘይት አለበት፤ ቀለም እንቢ ይልሻል። ክብሪት ለኩሰሽ እሳቱ ውስጥ አንዴ ብቻ አሳልፊው፤ ሁለቴ ካሳለፍሽው ይለሰልስና እንደ ታይፕ ተማሪ ይሆናል።

ወረቀት፦ የሚያብለጨልጨውን አብዱልናስር በነጻ ቢሰጥሽም አትቀበዪ፤ ቀለሙ ላዩ ላይ ቁጭ ብሎ ይቀራል። ወፍራሙን ብሪስቶል ግዢ። ጥግ ላይ በምላስሽ ንኪው። ምላስሽ ከተጣበቀበት ያ ወረቀት ጠጪ ነው፣ መስመርሽን ያፈሰዋል፤ ተዪው። ካልተጣበቀ ግዢው። አንዲት ልጅ ፒያሳ ላይ ወረቀት ስትልስ ሰው ቢስቅባት የሚስቀው ወረቀት የማያውቅ ሰው ነው።

የውሃ ቀለም፦ ባለ አሥራ ሁለቱን የልጆች ሣጥን ግዢ፤ ቢጫውና ሰማያዊው ጥሩ ናቸው። ቀዩ ግን ሌባ ነው። ሲረጥብ ደም ይመስላል፣ ሲደርቅ የነተበ ጡብ ይሆናል። የወያላዋን ኮፍያ ቀይ ማድረግ ከፈለግሽ ሁለት ጊዜ ቀቢው፣ መሐሉን አድርቀሽ። ብሩሽ አንቺ ጋ ያሉትን የኔን ተጠቀሚ። ከሱቅ ብሩሽ ይበልጣል፤ የበሬ ጆሮ ፀጉር ነው፣ በእጄ ያሰርኩት። ለነገሩ ፀጉሩን ያመጣሁት ከሥጋ ቤት አይደለም፤ በሬው በሕይወት ነበር፣ ባለቤቱም ዘወር ብሎ ነበር። ይህን ለእናትሽ አትንገሪ።

እንደኔ ደግሞ ሁሉንም ገጽ ባንድ ቀን አታርጥቢ። አንዱን ገጽ ጨርሽ፣ ሲደርቅ እይው፣ በማግስቱ ሁለተኛውን። እኔ የምሠራበት መንገድ ለሰሌዳ ነው፤ ላንቺ አይሆንም። ስትጀምሪ ይህን ልነግርሽ ይገባ ነበር።

«ምን ላይ ልጀምር? ሁሉም ጠፍቶ» እንዳትይ። ወደዚያ ነው የምመጣው።

ገጾቹን አልጣልኳቸውም። አንድ ሳምንት ሙሉ ጥግ ላይ ተጠቅልለው እየሰደቡኝ ከረሙ። ከዚያ በቃ ብዬ፣ አንዴ ውሃ ከነካቸው አይቀር፣ አንድ በአንድ አንስቼ በስፖንጅ ቀስ እያልኩ እንደ ሉህ አጠብኳቸው። ግራጫው ሁሉ ወረደ። እና ከሥር ምን አገኘሁ መሰለሽ? እርሳስሽን!

ስንት ጊዜ ተቆጥቼሻለሁ፣ «ቀለሙ ሲደርቅ እርሳሱን በላጲስ አጥፊ፣ ሥራሽ ቆሻሻ ይመስላል» እያልኩ! አንቺም እሺ እያልሽ አንድ ቀን አጥፍተሽ አታውቂም። እርሳስ ውሃ አይፈራም፤ ሃያ አራቱም አሉ። ወያላዋ አለች፣ ቦርጬ አለ፣ ሰባተኛው ገጽ ላይ ንፋሱ አለ፤ ሦስቱም መስመር። ወረቀቶቹ ሲጨማደዱ በካርቶን መሐል አድርጌ የኦላናን የኢሱዙ ጎማዎች ከመርኩባቸው። ሳያናግረኝ ነው ያበደረኝ። አሁን እንደ ብረት ተዘርግተዋል።

መስመሩን እኔ ልድገመው ብዬ በሌላ ወረቀት ሞከርኩ። ልጅቷ የቁርስ ቤት ማስታወቂያ መሰለች፤ «ፍርፍርና ሻይ» የሚል ብቻ ነው የቀራት። እጄ ፊደል ነው የሚያውቀው። ያንን መስመር የሚያወጣው ያንቺ እጅ ብቻ ነው፤ ታይፕ ላይ «ሀ ለ ሐ መ» ሲደበድብ የከረመው እጅ። ለረመዷን ገና ሦስት ወር አለ። አብዱልናስርን አናግሬዋለሁ፣ የሆነውንም የሠራሁትንም ነግሬዋለሁ። የነገርኩትን ሰምቶ በጣም ስለሳቀ እሱንም ተቀይሜዋለሁ።

አንድ ያልተረፈ ነገር አለ። ሽፋኑ ላይ ስምሽን በእርሳስ አልነደፍሽውም ነበር፤ በቀጥታ በቀለም ነው የጻፍሽው። ቦታው ባዶ ነው። እኔ ልጽፈው እችል ነበር፤ በዚህ መንገድ ላይ ካለ ሰው ሁሉ ፊደል አምሮ የሚወጣው ከኔ እጅ ነው። አልነካሁትም። አንቺ ትጽፊዋለሽ፤ ባዶውን ቦታ ሙሉውን ውሰጂው።

ከዚህ በኋላ ስለ እጅሽ እንዲያ ያለ ነገር ጽፈሽ እንዳትልኪልኝ። ያንን ወረቀትሽን እመልስልሻለሁ፤ ራስሽ ቅደጂው። ለእናትሽም ይህን ደብዳቤ አንብቢላት፤ ከዚህ በኋላ በሩ ላይ ቆማ የምትመልሰው እኔን እንጂ...

ቆይ፣ በሩን ሰው እያንኳኳ ነው። ደንበኛ እንዳይገባ ዘግቼ ነው የምጽፈው። ይጠብቅ። ዓርብ ነው፣ ጁምዓ ሄዷል ይበሉ።

አሁንም ያንኳኳል። ደንበኛ እንዲህ ቀስ ብሎ አያንኳኳም።

በስንጥቁ አየሁ። አንቺ ነሽ።

ከጎሮ እዚህ ድረስ፣ ብቻሽን። ክንድሽ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘሻል፤ የብሩሾቼ እጀታ ይታየኛል። ሁሉንም ነው ያመጣሽው። ልትመልሺልኝ ነው የመጣሽው።

ስሚኝ፣ አሁን ብከፍትልሽ ምን እንደምል አውቀዋለሁ። ስለ ጫማሽ ጭቃ እቀልዳለሁ። አንቺ ትስቂያለሽ፣ ብሩሾቹን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጫለሽ፣ ሻይ እንጠጣለን፣ ትሄጃለሽ፤ እኔም ይህን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ። ሁለት ጊዜ ጎሮ መጥቼ ያደረግኩት እሱን ነው። አፌ ከተከፈተ ውሸታም ነው። እጄ ግን ዛሬ እውነት እየጻፈ ነው፣ ስለዚህ በሩን ሳልከፍት እጨርሳለሁ።

ቀለሙን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። ይቅር በዪኝ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

አላህ እጅሽን ይጠብቅልሽ። ዓይንሽን ያብራልሽ፣ ሥራሽን ሰው እጅ ያድርስልሽ፣ ከኔ ምላስ ደግሞ ይሰውርሽ። ለእናትሽም ዕድሜ ይስጣት፤ በሷ የነበረኝ ቁጣ አልቋል፣ የራሴው ብቻ ነው የቀረኝ።

አሁን በበሩ ሥር አሳልፈዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የማጥፈው። እዚያው ቆመሽ አንብቢው። ስትጨርሺ እንደገና አንኳኪ። ሳታንኳኪ ብሩሾቹን ደጃፉ ላይ ትተሽ ከሄድሽም ሐቅሽ ነው፤ ገጾቹን ጎሮ ድረስ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ አልቀልድም።

ከበሩ ወዲህ ቆሜያለሁ።

አጎትሽ